ለዘለቄታው ተዛውሯል

በቺሎኤ ደሴት ዝናብ ሳያባራ፣
በራዲዮ ጣቢያችን ቆርቆሮው ሲያወራ፣
ኤዱቪና ካርካሞ መነጽሯን ሰክታ
አድራሻ ታነባለች፣ ፊደል በፊደል ፈታታ፦
«እዝባር፣ ጥያቄ ምልክት፣ መቶኛ፣ ሃያ፣ ሰባት፣
ትንሿ ኤ፣ ትልቋ ካ፣ ሰረዝ፣ ዜሮ፣ አራት...»
የክትባቱ ቀን ነበር መጨረሻው ሲደረስ፤
ከማዶ ያለው አድማጭ እርሳሱን ሲነክስ።

አንድ ማታ ማይኩን ዘግታ «ስማኝማ» አለችኝ፣
«ይህን የእባብ ጅራት ቆርጠህ ገላግለኝ።»

ከደረጃው ሥር፣ ከድንቹ ጆንያ ጎን፣
ትምህርት ቤት የጣለው አሮጌ ኮምፒውተር ነበረን።
አቧራውን እፍ አልኩት፤ ማራገቢያው አስም እንዳለበት ሰው አቃሰተ፤
ሊኑክስ ጫንኩበት፤ ሦስተኛው ሙከራ ላይ ዓይኑን ከፈተ።
ማሳጠሪያውን የጻፈው የማላውቀው ሰው ነው፤ በነፃ ለቀቀው፤
ዶሜይኑን ግን ኤዱቪና ናት በድንች ሽያጭ የገዛችው።
ሥራው እንዲህ ነው፦ ረጅሙን ሲሰጡት አጭር ይመልሳል፤
አጭሩን ሲጠሩት ረጅሙ ደጅ ያደርሳል።

ግን ያወጣው የነበረው ስም አየር ላይ አይሄድም፤
በእኛ አፍ «ቤ» እና «ቬ» ልዩነት የላቸውም፤
«አቼ» ድምፅ የለው፤ ዜሮና ኦ መንታ፤
አንድ በአንድ ነቀልኳቸው ከፊደሉ ገበታ።
የቀረውን አይታ ኤዱቪና ሳቀች፦
«ቃል ስጣቸው፣ ቃል ሰው ይይዛል» አለች።
ለጀልባው ሰዓት «ሬሞ»፣ መቅዘፊያ ማለት ነው፤
ለክሊኒኩ «ፓፓ»፣ ድንች፣ ማን ሊረሳው?
ለጠፋ ከብት «ኔብሊና»፣ ጭጋግ፤
በሬ የደበቀች እሷ ናት፤ ትፈለግ።

ፕሮግራሙ ማን ከፈተ፣ ከየት፣ በምን ስልክ፣ እያለ ይመዘግባል፤
አጠፋሁት። እዚህ ማን ክሊኒክ እንደሄደ ሳይመዘገብም ይታወቃል።
ቁጥር ብቻ ተውኩ፤ ስንት ጊዜ እንደተነካ።
አንዲት ቅንብር ግን አልፌ ነበር ለካ፤
«ለዘለቄታው ተዛውሯል» የምትል፣ ሦስት መቶ አንድ ቁጥሯ፤
እንደመጣች ተውኳት፤ አልገባኝም ነበር ምሥጢሯ።

ነሐሴ ላይ «ፖርፊያዳ»፣ ግትሯ፣ ወጣች ከወደቡ፣
ኦትማሮን ይዛ፤ ነፋሱም መጣ ከነወጀቡ።
«ሉስ» የሚል ሊንክ አወጣን፣ ብርሃን፤ ከኋላው
የተፈተሸው ወሽመጥ ሁሉ፣ ስሙና ሰዓቱ ያለው።
ኤዱቪና በየሰዓቱ «ሉስ፣ ሦስት ፊደል፣ ሉስ» ትላለች፤
ድምጿ ሲዘጋ ማር በማንኪያ ትልሳለች።

በአሥራ ስምንተኛው ቀን ባሕር ኃይሉ ተመለሰ፤
«ሉስን ወደ ፍትሐቱ ሰዓት አዙራት» የሚል ትእዛዝ ደረሰ።
አዞርኳት። አንድ መስመር ነው፤ ግማሽ ደቂቃም አልፈጀ።

በማግስቱ ኔልዳ መጣች፣ የኦትማሮ እናት፤
ቦት ጫማዋ ውሃ ይተፋል፤ ስልኳን ዘረጋችልኝ ድንገት።
«የሰዉ ሁሉ ስልክ ፍትሐት ይላል። የኔ ግን አሁንም ይፈልጋል።»
አየሁት፤ እውነቷን ነው፤ ወሽመጦቹ ተደርድረዋል።
ያኔ ገባኝ። «ለዘለቄታው» የተባለ ስልክ አንዴ መንገዱን ከያዘ
ተመልሶ አይጠይቅም፤ እኔ ጋ ሳይደርስ ወደ ድሮው ተጓዘ።
«ትውስታውን ላጽዳልሽ» አልኳት፣ «አንድ ንክኪ ነው።»
ስልኳን ወሰደች፤ በሹራቧ ጠረገችው፤
«ተወው።»

ያን ማታ ሌሎቹን ሊንኮች በሙሉ «ለጊዜው» አደረግኳቸው፣
ሬሞን፣ ፓፓን፣ ኔብሊናን።
ሉስን አልነካሁም።
ዝርዝሩ ያለበትን ገጽ ማንም እንዳይሰርዘው ቆልፌዋለሁ።

ፍትሐቱ አለፈ፤ አሁን የሚከፍታት የለም፤
ቆጣሪዋ ሁለት መቶ አሥራ አራት ላይ ቆማለች፣ አትንቀሳቀስም።
ኔልዳ በሌሊት ትነካት እንደሆነ አላውቅም፤
ብትነካትም በኔ ደጅ አታልፍም፤
ከድንቹ ጎን ማራገቢያው ያቃስታል፣
ቁጥሩ እንዳለ ነው፣
እሷ የወሽመጦቹን ስም ታነብ ይሆናል፣ ከላይ ጀምራ።